ጆሮ ያልሰማውን ምላስ አይናገረውም

 

የባዕድ ቋንቋን እንደ ባለቤቱ አሳምሮ መናገር ይቻላልን? ጥያቄው ለብዙዎቻችን የቅንጦት ጥያቄ ይመስለናል። «ሐሳቤን ከገለጽኩ ምን ጎደለኝ? አነጋገሬን ማሳመር ለምኔ?» እንላለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ይህን አባባሌን ያስተወኝ መጽሐፍ ወይም መምህር ሳይሆን ጂዳ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ያሳለፍኩት ምሽት ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ያን ምሽት ከነትምህርቱ ለማካፈል ነው። ኪታብ የምትቀሩ ደረሳዎች፣ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ልጆቻችሁን ዐረብኛ የምታስተምሩ ወላጆች ብታነቡት ትጠቀማላችሁ ብዬ አምናለሁ።

የአንድ ፊደል ዋጋ

በአገር ቤት ሳለሁ በወሎ መስጊዶች ዘጠኝ ዓመት ያህል ኪታብ ቀርቻለሁ። ከነሕው አጅሩሚያን፣ ቀጥር አን-ነዳን፣ በመጨረሻም አንድ ሺህ ስንኝ ያለውን የኢብኑ ማሊክን አልፊያ ጨርሻለሁ። ከደረሳ ጓደኞቼ ጋር «ዶረበ ዘይዱን ዐምረን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እየበተንን ስንገጣጥም ስንት ሌሊት አንግተናል! ዘይድ ዐምርን ሲመታ ዓመታት አለፉ። ዘይድ ግን አንድ ቀን እንኳ ገበያ ወጥቶ ዳቦ ሲገዛ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ሕመሙን ሲናገር አላየነውም። ኪታቡን የምንቀራው በዐረብኛ፣ የምንተረጉመው በአማርኛ ነበርና ዐረብኛን በዐይናችን እንጂ በጆሯችን አናውቀውም ነበር።

ጂዳ ገብቼ ሥራ ከያዝኩ ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ አንድ ምሽት ጎረቤታችን የሆነች የአገር ልጅ በብርቱ ሳልና በደረት ውጋት ተያዘች። ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ሾፌር የሆነው ባሏ ለሥራ ወደ መዲና ሄዷል። አራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከባለቤቴ ጋር ሆነን በአቅራቢያው ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰድናት። ባለቤቴም በሽተኛዋም የተማመኑት በእኔ ዐረብኛ ነበር፤ «እሱ እኮ አልፊያን የጨረሰ ነው» እየተባልኩ ነው የገባሁት።

ሐኪሙ የሻም አገር ሰው ነበር። የሕመሟን ነገር ባማረ የኪታብ ዐረብኛ ተረኩለት። በመጨረሻም ዋናውን ነገር «ኢንነሃ ሀሚል» ብዬ ነገርኩት። ነፍሰ ጡር ናት ማለቴ ነው። ሐኪሙ ቀና ሳይል «ይታያል እኮ! ራሷን ችላ ባትል ኖሮ መቼ እዚህ ትደርስ ነበር?» አለና የራጅ ማዘዣና የመድኃኒት ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ቁጣው ቢገርመኝም የተረዳኝ መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

ኮሪደሩን ሲወለውሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሶማሌ ንግግራችንን ሰምተው ኖሯል አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ለሐኪሙ ምን ብለህ ነው የነገርከው?» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ወደ እህታችን አየት አደረጉና መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው በሩን ከፍተው ገቡ። «ያ ዶክቶር! ሐሚል! ሐሚል!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ከጉሮሯቸው መሀል ጥብቅ አድርገው ነበር የተናገሩት። ሐኪሙ ደንግጦ ተነሳ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ከመድኃኒቶቹ አንዱን ሰረዘ፣ የራጁንም ማዘዣ አስቀረ። «ይህን የመሰለ ነገር አስቀድሞ አይነገርም?» ብሎም ገሠጸኝ።

ውድ አንባብያን! እኔ ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን አልሰማም። «ሐሚል» በጉሮሮው ሐ ነፍሰ ጡር ማለት ነው። በተራው ሀ «ሀሚል» ሲባል ግን ችላ የተባለ፣ ባካና፣ ዋልጌ እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት በእኔ አፍ አንድ ነበሩ። አልሐምዱሊላህ ጉዳት ሳይደርስ ቀረ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዘጠኝ ዓመት የነሕው ትምህርት ያልሰጠኝን አንድ ድምፅ፣ አንዲት ቅጠል ነሕው ያልቀሩ የጽዳት ሠራተኛ ከየት አገኙት?

ፊደላችን ያስታውሳል፣ ጉሯችን ግን ረስቷል

መልሱን በኋላ ደረስኩበት። የሶማሊኛ ቋንቋ ሐም ዐም አለው። አፋርኛም እንዲሁ፣ ትግርኛም እንዲሁ። የእነዚህ ሕዝቦች ልጆች እነዚህን ሁለት ድምፆች ከእናታቸው ጡት ጋር ስለሚያገኟቸው ዐረብኛን ሲማሩ በዚህ በኩል አይቸገሩም። አማርኛ ግን ጥሏቸዋል። የሚገርመው ፊደላችን አለመጣሉ ነው! ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለን እንጽፋለን፤ አ እና ዐ ብለን እንጽፋለን። በግዕዝ ዘመን እነዚህ ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ዛሬ ስናነባቸው ግን ልዩነት የላቸውም። «ዐሊ»፣ «ሐሰን»፣ «ዐለይኩም» ብለን ተጠንቅቀን እናትማለን፤ ስናነብ ግን «አሊ»፣ «ሀሰን»፣ «አለይኩም» እንላለን። ወረቀቱ ላይ ያለው እውቀት ወደ ጉሮሯችን አልወረደም።

ችግሩ በነፍሰ ጡሯ እህታችን አያበቃም። «ዐሊም» በዐ ሲሆን ሁሉን ዐዋቂ ማለት ነው፤ «አሊም» ደግሞ የሚያሳምም፣ የሚያሠቃይ ማለት ነው። «ሐረም» የተከበረ ክልል ሲሆን «ሀረም» ፒራሚድ ነው። በኸ «ኸለቀ» ፈጠረ ማለት ሲሆን በሐ «ሐለቀ» ላጨ ማለት ነው። ያለ ልዩነት የምናነባቸው ከሆነ ምን እያልን እንደሆነ እናስተውል!

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ ያለን ድምፅ ነው። የሌለንን ድምፅ እንደሌለን ስለምናውቅ እንፈልገዋለን። አለን ብለን የምናስበው ግን ያታልለናል። የእኛ ጠ፣ ቀ፣ ጸ ጉሮሮ ተዘግቶ እንደ ቡሽ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። የዐረቦቹ ጧእ፣ ቃፍና ሷድ ግን አይፈነዱም። ጧእና ሷድ ሲነገሩ የምላስ ሥር ወደ ኋላ ይሸሽና ድምፁ ይወፍራል፤ ከጎኑ ያለውም አናባቢ አብሮ ይወፍራል። ቃፍም ከምላስ ሥር ጫፍ ከእንጥል አካባቢ ይመጣል እንጂ አይፈነዳም። «ጢን» ጭቃ ሲሆን «ቲን» በለስ ነው። «ሶይፍ» በጋ ሲሆን «ሰይፍ» የምናውቀው ሰይፍ ነው። ዐረቡ ሁለቱን የሚለያቸው በፍንዳታ ሳይሆን በውፍረት ነው።

እዚህ ላይ አባቶቻችንን ማድነቅ ይገባል። ለመሆኑ «ሰላት» ሳይሆን «ሶላት»፣ «ሰሓባ» ሳይሆን «ሶሓባ» ያሉት ለምን ይመስላችኋል? ጆሯቸው የሷድን ውፍረት ስለ ሰማ ነው! ድምፁን ራሱን ባያገኙትም በአናባቢው ላይ ያለውን ጥላ ይዘው አስቀሩት። ይህ የሚያሳየን ጆሮ ከተከፈተ ምላስ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ እንደሚያደርግ ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ ያወረሰን ሀብትም አለ። «ሰፊ» ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋ፣ ጠብቆ ሲነበብ ጠባብ ያልሆነ ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እንግዲህ የዐረብኛው ሸዳ ይኸው ነው። «ደረሰ» ላልቶ ተማረ፣ ጠብቆ አስተማረ ማለት ነው። ማጥበቅና ማላላት ለሌላቸው ሕዝቦች ይህ ትልቅ ፈተና ሲሆን ለእኛ ግን ስጦታ ነው። የጎደለን የአናባቢ ርዝመት ነው። አማርኛ አናባቢን በርዝመት ሳይሆን በቅርጽ ነው የሚለየው። ስለዚህ «መጠር» እና «መጣር» ብለን በግዕዝና በራብዕ ለመለየት እንሞክራለን፤ ዐረቡ ግን የሚጠብቀው ርዝመቱን ነው። ርዝመቱን ያሳጠረ መንገደኛ የታክሲውን ሾፌር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሳይሆን ወደ ዝናቡ እንዲወስደው እየጠየቀ ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ባለቤቱ ማን ነው?

«እንደ ባለቤቱ መናገር» ስንል የትኛውን ባለቤት ማለታችን ነው? ፉስሓ የሚባለውን የመጽሐፍ ዐረብኛ ዛሬ ማንም ልጅ ከእናቱ ጭን ላይ አይማረውም፤ የካይሮውም የሪያዱም ልጅ በትምህርት ቤት ነው የሚያገኘው። በቤትና በገበያ የሚነገረው ዓሚያ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ቻርልስ ፈርጉሰን ይህን የሁለት ቋንቋ ኑሮ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጽሑፍ በሰፊው አስረድቷል። ይኸው ምሁር ዐረብኛ በኢትዮጵያ ስላለው ሚናም በ1970 ጽፏል።

«እፈልጋለሁ» ለማለት በኪታቡ «ኡሪድ» ነው። ግብፃዊው «ዓዪዝ»፣ ሱዳናዊው «ዳይር»፣ የሻሙ ሰው «ቢዲ»፣ የሳዑዲው ሰው «አብጋ» ወይም «አብጊ» ይላል። ጂምን የካይሮ ሰው ግ ያደርጋታል፤ ቃፍን ደግሞ የባሕረ ሰላጤው ሰው ግ ያደርጋታል። ታዲያ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቃል ለቅሞ የሚናገር ሰው የማንም አገር ሰው አይመስልም። ምክሬ ይህ ነው፦ ለመጽሐፉ ፉስሓን፣ ለኑሮ የምትኖሩበትን አገር አንድ ዓሚያ ምረጡ፣ ሁለቱንም ከየቦታቸው አታዛንፉ።

በነገራችን ላይ የዚህ ቋንቋ ሕግ ጸሐፊዎች እነማን ነበሩ? የነሕው ታላቅ መጽሐፍ «አል-ኪታብ» ደራሲ ሲበወይህ ፋርሳዊ ነበር። በወጣትነቱ ሐዲስ ሲማር ነሕው ተሳስቶ መምህሩ ስላረሙት «ከእንግዲህ ማንም የማያርመኝን ዕውቀት እፈልጋለሁ» ብሎ እንደተነሳ ይተረካል። የሞተው በ796 አካባቢ ነው። ሐና ዐ ከጉሮሮ መሀል እንደሚወጡ፣ ሀና ሀምዛ ከጉሮሮ ጥልቅ እንደሚወጡ በዝርዝር የጻፈው እርሱ ነው። በየመስጊዱ ደረሳ ሁሉ የሚጀምርበት አጅሩሚያ ደራሲ ኢብኑ አጁሩምም የሞሮኮ በርበር ሲሆን በ1323 ፋስ ከተማ ነው የሞተው። ዘመኽሸሪ ደግሞ የኸዋሪዝም ሰው ነበር። ባዕድ ሆነው የተማሩት ሰዎች ለባለቤቶቹ ሳይቀር መምህር ሆኑ። ያኔ የተቻለ ነገር ዛሬ እንዴት አይቻልም ይባላል?

«ዕድሜዬ ገፍቷል» ለሚሉ

ብዙ ሰው «ይህ የልጅነት ነገር ነው» ይላል። ከፊል እውነት አለው። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በካናዳ ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናት በስድስትና በስምንት ወር ዕድሜያቸው የሂንዲን ልዩ ድምፆች ይለዩ ነበር። አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ግን ይህ ችሎታቸው ጠፋ። ጆሯችን የሚዘጋው መራመድ ሳንጀምር ነው ማለት ነው።

የተዘጋው በር ግን ይከፈታል። ጃፓናውያን የእንግሊዝኛን ር እና ል መለየት እንደሚቸገሩ የታወቀ ነው። በ1991 የወጣ ጥናት እነዚህን ሰዎች የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ሰዎችን ድምፅ በተደጋጋሚ በማሰማትና መልሳቸውን ወዲያው በማረም ማሠልጠን እንደሚቻል አሳየ። ከሁሉ የሚደንቀው በ1997 የወጣው ተከታዩ ጥናት ነው። ሠልጣኞቹ እንዲናገሩ አልተለማመዱም፤ የሠለጠኑት በመስማት ብቻ ነበር። ሆኖም ከሥልጠናው በኋላ አነጋገራቸው ተሻሽሎ ተገኘ! ጆሯቸው ሲከፈት ምላሳቸው ተከተለ።

ሌላው በ1994 የታተመ ጥናት ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። አንዲት እንግሊዛዊት በሃያ አንድ ዓመቷ ግብፃዊ አግብታ ካይሮ ገባች። እንደ ደረሰች ባሏ ለውትድርና ተጠራና እንግሊዝኛ ከማያውቁ ዘመዶቹ ጋር ለሳምንታት ብቻዋን ቀረች። አንድም ቀን የዐረብኛ ክፍል ገብታ አልተማረችም። ነገር ግን የሰማችውን በደብተሯ ትመዘግብ ነበር፤ ሲያርሟትም በደስታ ትቀበል ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ድምፅዋን ከሰሙ አሥራ ሦስት ዳኞች ስምንቱ «ይህች የአገሬው ተወላጅ ናት» ብለው ፈረዱ። የቀሩት አምስቱ ግን ለዩዋት። እንግዲህ ፍጹም መሆን ብርቅ ነው፤ እጅግ መቅረብ ግን በአዋቂነትም ይቻላል።

እንዴት እንለማመድ?

ከዚያ ምሽት በኋላ እኒያን ሽማግሌ ሶማሌ ፈልጌ አገኘኋቸው። «ያ ዐሚ፣ ሐን አስተምሩኝ» አልኳቸው። ሳቁ። ከእርሳቸውና ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን በአራት ነጥብ ላቅርብ።

1ኛ/ በጆሮ ጀምሩ። ጥንድ ቃላትን ውሰዱ፤ ዐሊምና አሊም፣ ሐረምና ሀረም፣ ጢንና ቲን። ድምፁን የሚያውቅ ሰው ከሁለቱ አንዱን ይበል፤ እናንተ ፊታችሁን አዙራችሁ የመጀመሪያው ከሆነ ቀኝ፣ ሁለተኛው ከሆነ ግራ እጃችሁን አንሱ። ወዲያው ይረማችሁ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ አትወሰኑ፤ የሴትም የወንድም፣ የሽማግሌም የልጅም ድምፅ ስሙ። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል በግምት ነበር እጄን የማነሳው። አንድ ቀን ግን ሐ እና ሀ ድንገት ተለያዩልኝ፤ ዳግመኛም አልተቀላቀሉብኝም።

2ኛ/ ቦታውን ፈልጉ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና ሊወለውሉት «ሃ» ብለው ትንፋሽ አለበሱት። «አሁን ጉሮሮህን ከመሀሉ አጥብበህ ይህንኑ ድገም» አሉኝ። ያ ሐ ነው። ከዚያ በዚያው ቦታ ላይ ድምፅ ጨምርበት፤ ያ ዐ ነው። ጣትህን ጉሮሮህ ላይ ብታደርግ በሐ ጊዜ ዝም ይላል፣ በዐ ጊዜ ይነዝራል። የተጅዊድ መምህራን መኻሪጅ የሚሉት ትምህርት ይኸው ነው። ትልቁ ስሕተታችን ተጅዊድን ለቁርኣን ብቻ አስቀምጠን ስንናገር መተዋችን ነው።

3ኛ/ ዜማውን ተከተሉ። ቋንቋ የፊደል ክምር አይደለም። የአንድ ደቂቃ ንግግር በስልካችሁ ቅዱ፤ ተናጋሪውን በግማሽ ቃል ርቀት እየተከተላችሁ አብራችሁ ተናገሩ። ፍጥነቱን፣ መነሳትና መውደቁን፣ የት እንደሚተነፍስ ሳይቀር ያዙ። ከዚያ የራሳችሁን ድምፅ ቀድታችሁ ከእርሱ ጋር አስተያዩት። የራስን ድምፅ መስማት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ መድኃኒቱ ግን እዚያው ውስጥ ነው።

4ኛ/ አራሚ ይኑራችሁ፣ ወጉንም ተማሩ። በድምፅ ብቻ እንደ ባለቤት አይኮንም። ፀጉሩን ተቆርጦ ለመጣ ሰው «ነዒመን» ይባላል። ሥራ ላይ ላገኘኸው ሰው «የዕጢክ አል-ዓፊያ» ይባላል፤ «በርቱ» እንደምንለው ነው። መልሱም «አላህ የዓፊክ» ነው። ይህንኑ ምርቃት ይዘህ ሞሮኮ ብትሄድ ግን ትጣላለህ፤ በዚያ አገር «ዓፊያ» የሚሉት እሳትን ነውና!

ጊዜውስ? የአሜሪካ መንግሥት ለዲፕሎማቶቹ የቋንቋ ሥልጠና የሚሰጥበት ተቋም ዐረብኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ 2200 የክፍል ሰዓት ያህል እንደሚፈልግ ያስባል። በቀን አንድ ሰዓት ቢሆን ስድስት ዓመት ነው። የእኛ ቋንቋ የዐረብኛ ዘመድ ስለሆነ አንዳንዱ መንገድ ያጥርልናል፤ «ዐይን» ዐይን ነው፣ «ዐሽር»ም ዐሥር ነው። ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሰበብም የለም፣ ኀፍረትም የለም

በዚህ ርእስ ስንነጋገር የማይቀር አንድ ወሬ አለ። «ቢላል እኮ ሺንን ሲን ይላት ነበር፤ የቢላል ሲን አላህ ዘንድ ሺን ናት» ይባላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በፍቅር እየደጋገምን ለስንፍናችን መሸፈኛ አድርገነዋል። ነገር ግን እንደ ኢብኑ ከሲር ያሉ የሐዲስ ሊቃውንት ይህ ወሬ መሠረት የሌለው መሆኑን ተናግረዋል። ቢላል ረዲየላሁ ዐንሁ ለአዛን የተመረጠው በድምፁ ማማርና መድረስ ነው። ስለዚህ በእርሱ ስም ማሳበብ ይቅርብን።

በተቃራኒው ደግሞ ምላሱ የሚከብደው ሰው መሸማቀቅ የለበትም። ቁርኣንን እየተደነቃቀፈና እየከበደው የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ከነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በእናታችን ዓኢሻ በኩል የመጣው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ ተመዝግቧል። መሬይ መንሮና ትሬሲ ደርዊንግ የተባሉ ተመራማሪዎችም በ1995 ባወጡት ጥናት፣ አነጋገሩ ጠንካራ የባዕድ ቅላፄ ያለው ሰው እንኳ ንግግሩ ሙሉ በሙሉ ሊሰማለት እንደሚችል አሳይተዋል። ቅላፄና አለመሰማት አንድ አይደሉም። ወሎዬነቴ በዐረብኛዬ ውስጥ ቢታወቅ ምን ነውር አለው? ነውሩ ነፍሰ ጡሯን ባካና ማለት ነው።

እንግዲህ ልካችን ይህ ይሁን፦ ትርጉም የሚለውጠውን ድምፅ ያለ ምሕረት እናርም፤ ትርጉም የማይለውጠውን ቅላፄ ደግሞ ጊዜ ይሥራው። አገሩን ለመደበቅ ብሎ እንደ ዐረብ ለመናገር የሚጥር ሰው ሁለቱንም ያጣል። እንዲሰማ ብሎ የሚጥር ግን ሁለቱንም ያገኛል።

ለየመስጊዱና ለየመድረሳው መምህራን አንድ ተማጽኖ አለኝ። ከነሕው ትምህርት ላይ በቀን አሥር ደቂቃ ቀንሳችሁ ደረሳዎቹ ፊታቸውን አዙረው እጃቸውን ያንሱ። ዘይድም ዐምርን መምታቱን ትቶ ገበያ ይውጣ፣ ሐኪም ቤትም ይሂድ። አፋርና ሶማሌ ደረሳ በመካከላችሁ ካለ ዕድሜው ትንሽ ነው ሳትሉ የሐና የዐ መምህር አድርጉት።

ያች እህታችን ጊዜዋ ሲደርስ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቷ ያደገችው ከጂዳ ልጆች ጋር ስለሆነ የሒጃዝ ዐረብኛ አፏን የፈታችበት ያህል ነው። ከእኔ ጋር ስትጫወት ምላሴ ሲሳሳት ሰምታ አታልፍም፤ «አጎቴ፣ እንዲህ አይደለም፣ ከዚህ ነው» ብላ በትንሽ ጣቷ ጉሮሮዋን ትነካልኛለች። እኔም ያለ ኀፍረት እደግማለሁ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።